ከአንድ ላፕቶፕ ያልወጣ ቅንብር

 

እዚህ እንድናገር ግብዣ ሲደርሰኝ አብሮት የመጣው ጥያቄ አጭር ነበር። «ተማሪዎቻችን ተመርቀው ኢምቤድድ ሶፍትዌር የሚሠራበት ቤት ሲገቡ፣ እኛ ሳንነግራቸው የቀረነው ምንድን ነው?» የሚል። ስለ ሲ ቋንቋ ወይም ስለ ሰርኪት ላወራችሁ እችል ነበር፤ እሱን ግን መምህራናችሁ ከእኔ አሳምረው ያስተምሯችኋል። እኔ የመረጥኩት ራሱን የቻለ ኮርስ የሌለውን፣ ሥራ ላይ ግን ዕለት ዕለት የሚያጋጥመንን ጉዳይ ነው። ቢልድ ስናደርግ በገዛ ኮምፒውተራችን ላይ የምንነካካቸውን ትንንሽ ቅንብሮች ማለቴ ነው። የት ይቀመጡ? ማን ይያቸው? መቼስ ከእጃችን ይውጡ?

የምናገረው ሁሉ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ይዞራል፤ ደጋግሜ ስለማነሣው ከአሁኑ ያዙልኝ። «ይህ ለውጥ የማን ነው?» የእኔ ማሽን ነው? የምርቱ ነው? ወይስ የሁሉም? አንድ ለውጥ ሠርቶ ባያችሁበት ዕለት ይህን መልሱ። ሳይመለስ ካደረ ለውጡ ላፕቶፓችሁ ውስጥ ተቀምጦ የምርቱ አካል ይሆናል፤ ከእናንተ በቀር ግን የሚያውቀው አይኖርም።

በዘርፉ ላልሆናችሁ እንግዶች ስል በመጀመሪያ ስለ ቢልድ ሲስተም ጥቂት ልበል። ለስልክ አፕ ስትሠሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። ኢምቤድድ ሊኑክስ ላይ ግን ሁሉንም የምታዘጋጁት ራሳችሁ ናችሁ። ቡትሎደሩ፣ ከርነሉ፣ ላይብረሪዎቹ፣ የእናንተው አፕሊኬሽን፣ ሁሉም ከሶርስ ኮድ ተነሥቶ ኮምፓይል ይደረግና በመጨረሻ ኢሜጅ የምንለው አንድ ፋይል ይወጣል። እሱን ሜሞሪ ካርድ ላይ ጽፋችሁ ቦርዱን ታስነሣላችሁ። ለዚህ ሥራ በብዛት የምንጠቀምባቸው መሣሪያዎች ሁለት ናቸው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ልጥራና፣ ቢልድሩት በ2001 ገደማ የዩሲሊብሲ ላይብረሪ ሠሪዎች የጀመሩት ነው። ዮክቶ ፕሮጀክትን ደግሞ ሊኑክስ ፋውንዴሽን በ2010 አስተዋወቀው፤ መሠረቱ ከ2003 ጀምሮ የነበረው ኦፕንኢምቤድድ ሲሆን ሥራውን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም ቢትቤክ ይባላል። ምሳሌዎቼን ባብዛኛው ከዮክቶ እወስዳለሁ፤ ብዙ የቦርድና የቺፕ አምራቾች ለደንበኞቻቸው የሚሰጡት በእሱ የተዘጋጀ ስለሆነ ሥራ ላይም የምታገኙት እሱን ነው።

ዮክቶን አውርዳችሁ ስታስነሡት ቢልድ የሚባል ፎልደር ይፈጥርላችኋል። በውስጡ ኮንፍ የሚባል ሌላ ፎልደር አለ፤ በእሱ ውስጥ ሁለት ዋና ፋይሎች ታገኛላችሁ። አንዱ ሎካል ኮንፍ ነው። የቦርዱን ስም፣ ተጨማሪ ፓኬጆችን፣ የማውረጃ ቦታውን፣ ያሰኛችሁን ሁሉ ልትጽፉበት ትችላላችሁ። ሁለተኛው ቢቢሌየርስ ኮንፍ ሲሆን የትኞቹ ሌየሮች በቢልዱ እንደሚካተቱ ይዘረዝራል። ሌየር ስል ሬሲፒዎች፣ ማለትም እያንዳንዱ ፓኬጅ እንዴት እንደሚሠራ የሚናገሩ ፋይሎች፣ ከቅንብሮች ጋር በአንድነት የተሰበሰቡበትን ፎልደር ማለቴ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። እነዚህ ሁለት ፋይሎች ያሉት ቢልድ ፎልደር ውስጥ ነው፤ ቢልድ ፎልደር ደግሞ በልማድ ጊት ውስጥ አይገባም። ስለዚህ እነሱ ላይ የጻፋችሁት ነገር ታሪክ የለውም። ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደጻፈው፣ ለምን እንደጻፈው የሚናገር ኮሚት አታገኙም።

አሁን አንድ ምሳሌ እናስብ። ባንክ ቤት ገብታችሁ ስትቀመጡ ተራ የሚጠራውን ስክሪን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አምስት ወጣቶች ይህን ዓይነት ማሳያ በራስቤሪ ፓይ ቦርድ ላይ ሊሠሩ ተነሡ እንበል። ኢሜጁ ተጠናቀቀ፣ ቦርዱ ተነሣ፣ አፕሊኬሽኑም ተከፈተ። «ወደ መስኮት 3 ይሂዱ» የሚል ጽሑፍ መታየት ሲገባው ግን ስክሪኑ ላይ ባዶ ሳጥኖች ተደረደሩ። ያ ሳጥን ለማናችንም እንግዳ አይደለም። የግዕዝ ፊደል ያልተጫነበት መሣሪያ ሁሉ አማርኛን እንዲያ ነው የሚያሳየው። ኢሜጁ ውስጥ ፊደላችንን የያዘ ፎንት አልገባም ማለት ነው።

ከአምስቱ አንዷ መፍትሔውን ፈልጋ አገኘችው። ሜታ ኦኢ በሚባለው ሌየር ውስጥ አቢሲኒካ ለሚባለው የግዕዝ ፎንት የተዘጋጀ ሬሲፒ አለ። ይህን የጨመርኩት ምሳሌዬ እንዲያምር አይደለም፤ በእርግጥም አለ፣ ገብታችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። መሐንዲሷ ሌየሩን በቢቢሌየርስ ኮንፍ ላይ አስገባች። ቀጥላ ሎካል ኮንፍ መጨረሻ ላይ «ለኢሜጁ ይህን ፓኬጅ ጨምር» የሚል አንድ መስመር ጻፈች። መጀመሪያ ቢልዱ ስሕተት አወጣ። አፔንድ የሚባለው ትእዛዝ ከፊቱ ባዶ ቦታ ስለማይጨምር፣ የፎንቱ ስም ከቀደመው ፓኬጅ ስም ጋር ተጣብቆ የማይታወቅ ስም ሆነ። ከስሙ በፊት አንድ ባዶ ቦታ ስትጨምር ተስተካከለ። ዮክቶ የጀመራችሁ ተማሪዎች ይህን ባዶ ቦታ አትርሱት፤ ስንቱን ሰው እንዳስመሸ እኔ አውቃለሁ። ሳጥኖቹ ጠፉ፣ አማርኛው ታየ፣ ሁሉም ደስ አላቸው።

ሦስት ወር አለፈ። ባንኩ ተጨማሪ ስክሪኖች አዘዘ። መሐንዲሷ ወደ ሌላ ሥራ ሄዳለች፤ ላፕቶፑም ተጠርጎ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። በቦታዋ የተተካው ልጅ የፕሮጀክቱን ኮድ ከጊት አወረደ፣ መመሪያውን አንድ በአንድ ተከተለ፣ ቢልድ አደረገ። ሳጥኖቹ ተመለሱ። አሁን የቀሩት አራቱ «ትናንት ይሠራ ነበር» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ኮዱ አልተነካም፣ ቦርዱም ያው ነው። የጠፉት ከአንድ ላፕቶፕ ወጥተው የማያውቁ ሁለት መስመሮች ናቸው። አባቶቻችን የማሳ ድንበር የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ብቻ ሲቀር ምን ዓይነት ክርክር እንደሚነሣ ያውቁታል፤ ይህም ከዚያ አይለይም።

እንዲያውም ሳጥኑ ደግ ነው፤ ይታያል። የማይታየውስ? ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ወደኋላ የቀረ መሣሪያ አለ፤ የምሥራቅ አፍሪካ የሰዓት ክልል የተሞላው በአንድ ሰው ሎካል ኮንፍ ላይ ብቻ ስለነበር። መሣሪያው ሲደርቅ ራሱን እንዲያስነሣ የሚያደርገው ዋችዶግ ከርነሉ ውስጥ ሳይበራ የቀረበትም አለ። ይህኛው የሚታወቀው መሣሪያው ከከተማ ርቆ ከተተከለ በኋላ፣ አንድ ቀን ደርቆ ሲቀር ነው። ያኔ ሰው በመኪና ተልኮ ይነቅልና ይሰካል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ፦ ይህ ለውጥ የማን ነው?

በመጀመሪያ የማሽናችሁ የሆነውን እንለይ። ስንት ሥራ በአንድ ጊዜ ይካሄድ የሚለው በላፕቶፓችሁ ፕሮሰሰርና ራም ይወሰናል፤ የጓደኛችሁ ማሽን 16 ኮር ቢኖረው የእናንተ 4 ሊሆን ይችላል። የወረደው ሶርስ የት ይቀመጥ የሚለውም በእያንዳንዱ ዲስክ ላይ የሚወሰን ነው። እነዚህ ሎካል ኮንፍ ላይ መቅረት አለባቸው፤ እዚያው መቅረታቸው ትክክል ነው። የራሳችሁን ሆም ፎልደር ሙሉ አድራሻ የምርቱ ሌየር ውስጥ አስገብታችሁ ኮሚት ካደረጋችሁ ለሌላው ሰው ሁሉ ቢልዱን ታበላሹበታላችሁ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለእኛ አገር ሥራ ትልቅ ጥቅም ያለው ነገር አለበትና። የዮክቶ ቢልድ መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊጋባይት ሶርስ ከኢንተርኔት ያወርዳል፤ ሥራውም ሰዓታት ይወስዳል። ኢንተርኔቱ ሲዘገይ፣ መብራት ሲሄድ ምን እንደሚሆን ለዚህ አዳራሽ መንገር አያስፈልገኝም። ስለዚህ ሁለት ቦታዎችን ከቢልድ ፎልደር ውጪ አውጧቸው። አንዱ የማውረጃው ፎልደር ነው። ሌላው ኤስስቴት የሚባለው፣ ያለቁ ሥራዎች ውጤት የሚጠራቀምበት ፎልደር ነው። ቢልድ ፎልደሩን አጥፍታችሁ እንደ አዲስ ብትጀምሩ እንኳ የወረደው አይጠፋም፣ ያለቀውም ሥራ አይደገምም። መብራት ሄዶ ሲመጣም ቢትቤክ ያለቁትን ሥራዎች አልፎ ከቀረው ይቀጥላል። የማውረጃውን ፎልደር በአንድ ሃርድ ዲስክ ገልብጣችሁ ለክፍሉ ተማሪ ሁሉ ማዳረስ ትችላላችሁ፤ ከዚያ ቢትቤክን ያለ ኔትወርክ እንዲሠራ ማዘዝ ይቻላል። አሥር ተማሪ ያንኑ ፋይል አሥር ጊዜ ከሚያወርድ አንዱ አውርዶ ዘጠኙ ቢገለብጡ ይሻላል። ብዙ ማሽኖች አንድ ዓይነት ቅንብር ካስፈለጋቸው ደግሞ ሳይት ኮንፍ የሚባል ፋይል አለ፤ እንደ ላቦራቶሪ ላለ ቦታ የተዘጋጀ ነው፤ እዚያ አስቀምጡት።

ሁለተኛው፣ የምርቱ የሆነው ነው። የአቢሲኒካ ፎንት የማን ነው? የመሐንዲሷ ላፕቶፕ አማርኛ ስለፈለገ አይደለም የገባው፤ ማሳያው አማርኛ ስለሚያሳይ ነው። እንግዲያው ቦታው የምርቱ ሌየር ውስጥ፣ የኢሜጁ ሬሲፒ ላይ ነው። አዲስ ሌየር መክፈት ከባድ አይደለም፤ ቢትቤክ ሌየርስ የሚባለው ትእዛዝ አጽሙን ሠርቶ ይሰጣችኋል። እዚያ ውስጥ የራሳችሁን ኢሜጅ ሬሲፒ ትጽፋላችሁ፣ ፓኬጆቹን ትዘረዝራላችሁ፣ ኮሚት ታደርጋላችሁ። የሰዓት ክልሉ፣ የምርቱ ስምና የመሳሰለው አጠቃላይ ፖሊሲ ደግሞ ዲስትሮ ኮንፍ በሚባለው ፋይል ይገባል። የሌላ ሰው ሬሲፒ ላይ ጥቂት መለወጥ ከፈለጋችሁም የእሱን ፋይል አትንኩ፤ በእናንተ ሌየር ውስጥ ቢቢአፔንድ የሚባል ተቀጥላ ፋይል ጻፉ። የሰውየው ሌየር ሲታደስ የእናንተ ለውጥ አብሮ አይጠፋም።

ብዙ ጀማሪዎችን ግራ የሚያጋባ አንድ ነገር እዚህ ይነሣል። «ሎካል ኮንፍ ላይ ጽፌ ለምን አልሠራም?» ይላሉ። መልሱ ፋይሎቹ የሚነበቡበት ቅደም ተከተል ላይ ነው። ቢትቤክ ሎካል ኮንፍን የሚያነበው የቦርዱን ቅንብር ከያዘው ማሽን ኮንፍና ከዲስትሮ ኮንፍ አስቀድሞ ነው። ስለዚህ እናንተ በተራ የእኩል ምልክት የጻፋችሁትን ዋጋ፣ በኋላ የሚነበበው ዲስትሮ ኮንፍ በተራ እኩል ምልክት ከጻፈበት ይሽረዋል። ለዚህ ነው ሌየር የሚጽፉ ልምድ ያላቸው ሰዎች ጥያቄ ምልክት ያለበትን እኩል፣ ማለትም «?=» የሚለውን የሚጠቀሙት። ትርጉሙ «ከዚህ በፊት ማንም ዋጋ ካልሰጠው ይህን ስጠው» ነው፤ ለተጠቃሚው ቦታ ይተውለታል። አንድ ተለዋዋጭ ዋጋውን ከየት እንዳገኘ ለማወቅ መገመት አያስፈልግም፤ ቢትቤክ ጌትቫር የሚባለው ትእዛዝ የትኛው ፋይል፣ በስንተኛው መስመር ላይ እንደለወጠው አንድ በአንድ ያሳያችኋል። ከግማሽ ቀን ግምት የአንድ ደቂቃ ትእዛዝ ይሻላል።

ከምርቱ ሳንወጣ ወደ ከርነል ልለፍ፤ ብዙ ሥራ ያለ ምልክት የሚጠፋው እዚህ ስለሆነ በደንብ ስሙኝ።

የሊኑክስ ከርነል ቅንብር ኬኮንፊግ በሚባል ሥርዓት ይመራል። ሜኑኮንፊግ የሚባለውን ሰማያዊ ስክሪን ያያችሁት ትኖራላችሁ፤ በሺህ የሚቆጠሩ አማራጮች በዛፍ ተደርድረው ይታያሉ። አንድ ተማሪ ዋችዶጉን ለማብራት ከቢትቤክ ሜኑኮንፊግን ይከፍታል፣ አማራጩን ይመርጣል፣ ሴቭ ያደርጋል፣ ከርነሉን ዳግም ቢልድ ያደርጋል፤ ይሠራል። ተማሪው ያልተገነዘበው ሴቭ የተደረገው የት እንደሆነ ነው። ፋይሉ የተቀመጠው ቢልድ ፎልደር ውስጥ ባለ ጊዜያዊ የሥራ ቦታ ነው። አንድ ቀን ዲስኩ ሞልቶ ፎልደሩን ሲያጸዳ፣ ወይም ሬሲፒው ተለውጦ ከርነሉ እንደ አዲስ ሲዘረጋ፣ ምርጫው አብሮ ይሄዳል። ቢልድሩትም ላይ ያው ነው፤ የከርነሉን ሜኑኮንፊግ አስተካክላችሁ «ክሊን» ብትሉ ያስተካከላችሁት ይጠፋል።

መፍትሔው በሁለቱም አለ፤ ቀላልም ነው። ዮክቶ ላይ ከሜኑኮንፊግ ስትወጡ ዲፍኮንፊግ የሚለውን ሥራ አስኬዱ። በፊት ከነበረው የተለየውን ብቻ አውጥቶ ፍራግመንት የሚባል ትንሽ ፋይል ይሠራላችኋል፤ ሁለት ወይም ሦስት መስመር ሊሆን ይችላል። እሱን ሌየራችሁ ውስጥ አስገብታችሁ በቢቢአፔንድ ጥሩት። ቢልድሩት ላይ ሊኑክስ አፕዴት ዴፍኮንፊግ የሚለው ትእዛዝ የከርነሉን፣ ሴቭዴፍኮንፊግ ደግሞ የራሱን የቢልድሩትን ቅንብር ወደምትይዙት ፋይል ይመልስላችኋል።

«ለምን ሙሉውን የኮንፊግ ፋይል አልገለብጥም?» ልትሉ ትችላላችሁ። ለዚህ ታሪክ ይመልስልን። በ2010 የሊኑክስ ከርነል ውስጥ የኤአርኤም ቦርዶች እያንዳንዳቸው ሙሉ ቅንብራቸውን የያዘ ዴፍኮንፊግ ፋይል ነበራቸው። ፋይሎቹ በሺህ የሚቆጠር መስመር ያላቸው፣ ሰው ሳይሆን ማሽን የጻፋቸው ነበሩ፤ ፋይሎቹ በታደሱ ቁጥርም ብዙ መስመሮች ይለወጡ ነበር። የከርነሉ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ተማረረ፤ የለውጦቹን ብዛት ሲያይ እውነተኛውን ሥራ ከዚህ ክምር መለየት አልቻለም፤ ፋይሎቹን ጠራርጎ እንደሚያወጣ አስጠነቀቀ። ያኔ ኡቨ ክላይነ-ኮኒግ የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ አንድ ስክሪፕት ጻፈ። ስክሪፕቱ እያንዳንዱን መስመር ያወጣና ውጤቱ መለወጥ አለመለወጡን ይፈትሻል፤ ካልተለወጠ መስመሩ መጀመሪያውንም አላስፈለገም ማለት ነው። በዚህ መንገድ ከ190 ሺህ በላይ መስመሮች ከከርነሉ ወጡ። በዚያው ዓመት ሴቭዴፍኮንፊግ ከርነሉ ውስጥ ገባ፤ ዛሬ ያንኑ ሥራ በአንድ ትእዛዝ የምንሠራው ከዚያ ወዲህ ነው። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ይህን ነው፤ የራሳችሁን ውሳኔ ብቻ ጻፉ። ሌላ ሰው የወሰነላችሁን ገልብጣችሁ ከያዛችሁ፣ የእናንተው ሁለት መስመር በአምስት ሺህ መስመር መካከል ይጠፋል፤ ከዓመት በኋላ የትኛው ሆን ተብሎ እንደተጻፈ ማንም አይለየውም።

ፍራግመንት ስትጠቀሙ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። ኬኮንፊግ የጠየቃችሁት አማራጭ የሚመካበት ሌላ አማራጭ ካልበራ፣ የጠየቃችሁትን ትቶት ያልፋል፤ ቢልዱን አያቆምም። ዮክቶ ላይ የከርነል ኮንፊግ ፍተሻ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ በብዙ መስመሮች መካከል ስለሚወጣ ግን ዓይን ይዘለዋል። የመጨረሻውን የኮንፊግ ፋይል ክፈቱና አማራጩ በእርግጥ መብራቱን በዓይናችሁ እዩ።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ስለ ደኅንነት ነው።

ዮክቶ ለብዙ ዓመታት ሎካል ኮንፍን ሲሠራላችሁ ዲበግ ትዊክስ የሚባል ነገር አብርቶ ነበር የሚሰጣችሁ። ሥራው ለገንቢው ምቾት ነው፤ ሙሉ ሥልጣን ባለው በሩት ስም ያለ ፓስዎርድ ወደ መሣሪያው እንድትገቡ ያደርጋል። ኢሜጁ ውስጥ ኤስኤስኤች ካለ ደግሞ በኔትወርክም ቢሆን ሩት ያለ ፓስዎርድ ይገባል። ቦርዱ ጠረጴዛችሁ ላይ እያለ ይህ ጥሩ ነገር ነው። ለባንኩ የሚሄደው ኢሜጅ ከዚያው ላፕቶፕ፣ በዚያው ሎካል ኮንፍ ከተሠራ ግን በሩ ተከፍቶ ሄደ ማለት ነው። ከኔትወርኩ የደረሰ ሁሉ ይገባል። ፕሮጀክቱ ራሱ አደጋውን አይቶ በቅርብ እትሞቹ ዲበግ ትዊክስን አንሥቶታል፤ አሁን ባዶ ፓስዎርድ የሚፈቅደው ቅንብር በግልጽ በስሙ ይጻፋል። ግን ብዙ ቦርዶች የሚመጡት በቀደሙት እትሞች ነው፤ እዚያ ውስጥ መስመሩ አሁንም አለ።

ፓስዎርድ የሌለው ወይም ሁሉም የሚያውቀው ፓስዎርድ ያለው መሣሪያ ምን እንደሚያመጣ ዓለም በ2016 አይቷል። ሚራይ የሚባለው ማልዌር 60 ያህል የታወቁ የስምና የፓስዎርድ ጥንዶችን እየሞከረ ካሜራዎችንና ራውተሮችን በገፍ ያዘ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ዳይን የተባለውን ኩባንያ አጥቅቶ በአሜሪካና በአውሮፓ ታላላቅ ድረ ገጾችን ከአገልግሎት አወጣ። እነዚያ መሣሪያዎች የተሠሩት ክፉ በሚያስቡ ሰዎች አይደለም። ለሥራ እንዲመች የተቀመጠ ቅንብር ሳይነሣ ወደ ሰው ቤት ገባ እንጂ። እኛም ለባንክ፣ ለሆስፒታል፣ ለመብራት ቆጣሪ የሚሆን መሣሪያ በአገራችን እንሠራለን ካልን፣ ይህን ኃላፊነት ከወዲሁ መሸከም ይገባናል።

ስለዚህ ሁለት ኢሜጅ ይኑራችሁ፤ አንዱ የገንቢ፣ ሌላው የደንበኛ። ሁለቱም ሌየሩ ውስጥ በግልጽ ይጻፉ። የገንቢው ኢሜጅ የደንበኛውን ወስዶ የዲበግ ነገሮችን ይጨምርበት፤ የደንበኛው ግን ሎካል ኮንፍ ላይ በተጻፈ ነገር በፍጹም አይመካ። የደንበኛው ኢሜጅ ከማንም ላፕቶፕ አይውጣ፤ ከጊት ብቻ በሚያነብ፣ ለዚህ ሥራ በተለየ አንድ ማሽን ላይ ይሠራ። ለዚህ ትልቅ ሰርቨር አያስፈልግም፤ ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕም ይበቃል። የሎካል ኮንፍንና የቢቢሌየርስ ኮንፍን ይዘት በአንድ ፋይል ጽፎ ጊት ውስጥ ለማስቀመጥ ካስ የሚባል መሣሪያ አለ፤ ሲመንስ ነው ያወጣው። የትኛው ሌየር፣ በየትኛው ኮሚት፣ ከየትኞቹ ቅንብሮች ጋር የሚለውን ሁሉ ከዚያ አንድ ፋይል አንብቦ ያዘጋጅላችኋል። ካስን ካልፈለጋችሁም ሌየራችሁ ውስጥ የሎካል ኮንፍ ናሙና ማስቀመጥ ይቻላል፤ አዲስ ሰው ሲጀምር ከእሱ ይገለበጥለታል። ልብ በሉ፤ ናሙናው የሚገለበጠው ፋይሉ ከሌለ ብቻ ነው። ናሙናውን ዛሬ ብታስተካክሉ፣ አምና የጀመረው ባልደረባችሁ የያዘው የአምናውን ነው። ለዚህም ነው እኔ ካስን የምመርጠው።

አንድ መሣሪያ ከመስክ ተመልሶ እጃችሁ ሲገባ በምን ተሠርቶ እንደነበር እንዴት ታውቃላችሁ? ከርነሉ የሥሪት ስሙን ከጊት እንዲወስድ ከተደረገ፣ ኮሚት ያልተደረገ ለውጥ ባለበት ኮድ ሲሠራ ከስሙ መጨረሻ «ደርቲ» የሚል ምልክት ያስቀምጣል። መሣሪያው ላይ ገብታችሁ ዩኔም ብትሉ ይታያችኋል። ዮክቶም ኢሜጅ ቢልድኢንፎ የሚባል ክላስ አለው፤ የእያንዳንዱን ሌየር ኮሚት በመሣሪያው ላይ ባለ አንድ ፋይል ይጽፋል፣ ኮሚት ያልተደረገ ለውጥ ያለበትንም ሌየር ምልክት ያደርግበታል። ሁለቱንም አብሩ። ምልክቱ ያለበት ኢሜጅ ደጃችሁን አልፎ እንዳይወጣ ደንብ አድርጉት። ሎካል ኮንፍ ላይ የተጻፈውን ግን ይህ ምልክት አያሳይም፤ ቢልድ ፎልደሩ ሌየር አይደለምና። የደንበኛው ኢሜጅ በእሱ አይመካ ያልኩት በዚህም ምክንያት ነው።

ሦስተኛውና የመጨረሻው፣ የሁሉም የሆነ ለውጥ ነው። አንዳንዴ የምታስተካክሉት ነገር የምርታችሁ ብቻ አይደለም፤ ሬሲፒው ራሱ ተሳስቷል፣ ወይም ድራይቨሩ ችግር አለበት። ዴቭቱል የሚባለው መሣሪያ ሶርሱን አውጥቶ እንድትሠሩበት ይሰጣችኋል፤ ስትጨርሱ ለውጣችሁን ፓች አድርጎ ሌየራችሁ ውስጥ ያስገባዋል። ብዙዎቻችን እዚያ እናቆማለን። እንዳታቆሙ እለምናችኋለሁ፤ ፓቹን ወደ ባለቤቶቹ ላኩት። ዮክቶ በየስድስት ወሩ አዲስ እትም ያወጣል፤ በየሁለት ዓመቱ የሚወጡት ደግሞ ለረጅም ጊዜ የሚጠበቁ ናቸው። የእናንተ ጋ የቀረ ፓች ሁሉ በየእትሙ እንደገና መስተካከል ያለበት ዕዳ ነው። በ2021 የቢትቤክ አጻጻፍ ራሱ ተለውጦ፣ በግርጌ ሰረዝ (_) ይጻፍ የነበረው አፔንድ በሁለት ነጥብ ሆነ። የሚቀይር ስክሪፕት አብሮ ወጥቶ ስለነበር ሌየራቸውን አስተካክለው የያዙ ሰዎች አብዛኛውን ሥራ በስክሪፕቱ ጨረሱት። መስመሮቻቸው በየላፕቶፑ ሎካል ኮንፍ የተበተኑባቸው ሰዎች ግን የት የት እንዳሉ መጀመሪያ መፈለግ ነበረባቸው።

የአቢሲኒካው ሬሲፒም ሜታ ኦኢ ውስጥ የተገኘው አንድ ሰው ስለላከው ነው። ያ ሰው የራሱ ሎካል ኮንፍ ላይ አስቀርቶት ቢሆን፣ አማርኛና ትግርኛ በስክሪን ለማሳየት የሚፈልግ ሁሉ በየቤቱ እንደ አዲስ ይጽፈው ነበር። የግዕዝ መጻፊያ ኪቦርድ፣ የኢትዮጵያ ቀን አቆጣጠር ለኢምቤድድ ስክሪን፣ እንዲህ ያሉትን ሬሲፒዎች ከእኛ በላይ ማን ይጽፋቸዋል?

ከመድረኩ ከመውረዴ በፊት ለመምህራን አንድ ሐሳብ አለኝ። የመመረቂያ ፕሮጀክት ስትገመግሙ ተማሪው ቦርዱን አስነሥቶ ስላሳየ ብቻ ነጥብ አትስጡ። ሌላ ተማሪ፣ በሌላ ማሽን ላይ፣ ከጊት ካወረደው ኮድ ብቻ ያንኑ ኢሜጅ ይሥራ፤ ቦርዱ በዚያ ኢሜጅ ይነሣ። የወረደው ሶርስ በሃርድ ዲስክ ከተሰጠው አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ተማሪዎች፣ እናንተም ይህን የግምገማ ቀን እስኪደርስ አትጠብቁ፤ ዛሬ ማታ ሎካል ኮንፋችሁን ክፈቱና እያንዳንዱን መስመር የማን እንደሆነ ጠይቁት። ላፕቶፓችሁን የያዛችሁ ካላችሁ ፋይሉን አሁኑኑ አብረን ልናየው እንችላለን፤ ጥያቄ ያላችሁም እጃችሁን አውጡ።